ብቻዋን የገረጣች ዓሣ

ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን 60 ሊትር ውኃ የሚይዝ አኳሪየም አለ። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል፤ ልጆችማ ከፊቱ አይነሡም። ውስጡ 12 ትናንሽ ዓሦች አሉ። ርዝመታቸው ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። ከዓይናቸው ጀምሮ በጎናቸው ላይ የሚያበራ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል፤ ከሥሩ ደግሞ ከሆዳቸው አጋማሽ እስከ ጅራታቸው ቀይ ነው። ኒዮን ቴትራ ይባላሉ። አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራሉ፤ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማሉ። እንግዶቻችን «እንዴት ያምራሉ! ማን አመጣቸው?» ብለው ሲጠይቁ ባለቤቴ ወደ እኔ ታያለች። እኔም «ረጅም ታሪክ ነው» ብዬ አልፋለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ያንን ረጅም ታሪክ ዛሬ ልነግራችሁ ነው። ባለቤቴ ፈቅዳልኛለች። እንዲያውም «ጻፈው፤ ግን ያጠፋኸውን ሳትደብቅ ጻፈው» ብላኛለች።

ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ባለቤቴ አምስተኛ ወሩን እየጨረሰ የነበረ ፅንስ አጣች። ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። ስንጠብቀው የኖርነው የመጀመሪያ ልጃችን ነበር።

በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ጎረቤት ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቡናውን አፍልቶ ይመጣል። ሐዘንተኛው «እስቲ ተዉኝ» ቢል እንኳ ብቻውን የሚተወው የለም። ላልተወለደ ልጅ ግን ድንኳን አይተከልም። ስም አልወጣለትም፤ ፎቶግራፍ የለውም፤ «እንዲህ ይል ነበር» ተብሎ የሚነሣ ወግ የለውም። የመጡት ጥቂት ሰዎች በቅንነት «አይዟችሁ፣ ገና ልጆች ናችሁ፤ ጌታ ይተካችኋል» ብለው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት በራችንን የሚያንኳኳ አልነበረም።

እኔም ከእነርሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ነገሩን ካነሣሁባት የምትሰበር መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር የራሴንም እንባ ፈርቼ ነበር። ስለዚህ ሥራ አበዛሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሂሳብ ሥራ ደግሞ ለሚፈልገው ሰው አያልቅም። አምሽቼ እገባለሁ። «በላሽ?» እላለሁ። «በልቻለሁ» ትላለች። «ደኅና እደሪ» እላለሁ። ቀድሞ ስትስቅ ድምፅዋ ከግቢው በር ይሰማ የነበረችው ሴት፣ በክረምቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ጠፋ። እኔ ግን «ጊዜ ይፈውሰዋል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

እኛ ወንዶች አንድ አመል አለን። ችግር ስናይ የሚገዛ ነገር እንፈልጋለን።

በችኮላ የመጣ ስጦታ

በመስከረም 2015 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሱቅ በር ሳልፍ አኳሪየም አየሁ። ቆሜ ቀረሁ። ዓሦቹ በአንድነት ሲዞሩ ልቤን ቀለል አለው። «ይህን ብወስድላት ሐሳቧ ይከፈልላታል» አልኩ። ሻጩ ፊልተሩን፣ ማሞቂያውን፣ ቴርሞሜትሩን፣ ጠጠሩንና ምግቡን ጨምሮ ሰጠኝ። ስለ ውኃው አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ስምንት ዓሦች በላስቲክ ከረጢት ይዤ ቤት ገባሁ።

በዚያው ምሽት መስተዋቱን አጥቤ፣ ከቧንቧ ቀድቼ ሞላሁና ዓሦቹን ከተትኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ ጎንበስ ብላ አየች። ከብዙ ቀን በኋላ ፊቷ ፈካ አለ። «ስምንት ናቸው» አለች ቆጥራ። በልቤ «አገኘሁት!» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ውኃው ወተት ጠብ ያለበት መሰለ። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ቀስረው ከውኃው ገጽ አየር ይለምኑ ጀመር። የራባቸው መስሎኝ ምግብ ጨመርኩ። በማግሥቱ ሁለቱ ሞቱ። ደነገጥኩና «ንጽሕና ጎድሏቸዋል» ብዬ ውኃውን በሙሉ ደፋሁ፤ የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩ፤ እንደገናም በቧንቧ ውኃ ሞላሁት። በዚያች ሌሊት ሦስት ሞቱ። በአሥረኛው ቀን የቀረችው አንዲት ዓሣ ብቻ ነበረች።

ሰባተኛውን የሞተ ዓሣ ሳወጣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። «ለምን አመጣህብኝ? በዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚሞት ነገር ለምን አመጣህብኝ?» አለች። ጮኻ አልነበረም የተናገረችው። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

የቀረችውን ዓሣ ለሱቁ ልመልሳት አሰብኩ። ከፊልተሩ ጀርባ ተደብቃ አትወጣም ነበር። ሰማያዊ መስመሯ ደብዝዞ አመድ መስሏል፤ ቀዩም ጠፍቷል። ባለቤቴ ግን እጄን ያዘችኝ። «እሷን አትንካት» አለች።

ንጹሕ ነበር፣ ዝግጁ ግን አልነበረም

በቤት ኅብረታችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ የባዮሎጂ መምህር አሉ። በወጣትነታቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት ዓሣ አርብተዋል። ነገሩን ሲሰሙ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አብረውን ወደ ቤት መጡ። ወንበር ስበው ከአኳሪየሙ ፊት ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ።

«ታማ ይሆን ጋሼ?» አልኳቸው።

«ኒዮኖችን የሚይዝ አንድ ክፉ በሽታ አለ» አሉ። «በስማቸው የተጠራ ነው። በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሥጋቸው ውስጥ ይገባል። ሰውነታቸው ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ያወጣል፤ አከርካሪያቸውን ያጎብጣል፤ የታመመውም ከመንጋው ተለይቶ ይዋኛል። ፍቱን መድኃኒት የለውም። ይህች ግን ነጠብጣብ የላትም፤ ጀርባዋም ቀጥ ያለ ነው። የገረጣችው ደንግጣና ብቻዋን ሆና ነው። ይህ ዓሣ ብቻውን እንዲኖር አልተፈጠረም። ቢያንስ ስድስት ሆነው መኖር አለባቸው፤ አሥርና ከዚያ በላይ ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል። ብቻውን የቀረ ኒዮን መደበቅ ያበዛል፣ ምግብ ይቀንሳል፣ ቀለሙን ይጥላል።»

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው» አለች። ያን ዕለት በቤታችን ሽንኩርት አልነበረም።

መምህሩ ስለ ትውልድ አገራቸውም አጫወቱን። ኒዮን ቴትራ የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ በላይኛው የአማዞን ተፋሰስ፣ በፔሩ፣ በኮሎምቢያና በብራዚል ወንዞች ውስጥ ነው። ለሳይንስ የታወቀውና ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ስሙም ለአሜሪካዊው የአኳሪየም መጽሔት አዘጋጅ ለዊልያም ኢንስ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከዱር የተያዙ ሳይሆኑ በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ተረብተው የሚመጡ ናቸው። የሚኖሩባቸው ጅረቶች በትላልቅ ዛፎች የተጋረዱ ናቸው፤ ውኃውም ቅጠል ወድቆ ስለሚበሰብስበት እንደ ሻይ የጠቆረ ነው። ያ ሰማያዊ መስመር በቀለም የተቀባ አይደለም። በቆዳቸው ሕዋሳት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃን ሲያርፍባቸው መልሰው የሚያንጸባርቁት ነው። በዚያ ጨለምለም ባለ ውኃ ውስጥ እርስ በርስ ለመተያየት ይረዳቸዋል ተብሎ ይታመናል።

«ታዲያ ሰባቱን የገደላቸው ምንድር ነው?» ስል ጠየቅሁ። «ውኃው እኮ ንጹሕ ነበር።»

«ንጹሕ ነበር፤ ዝግጁ ግን አልነበረም» አሉ። ከዚያም እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስረዱን። ዓሣ ሲተነፍስም፣ ከሰውነቱ ቆሻሻ ሲያስወግድም፣ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይፈጠራል። አሞኒያ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውኃው በቆየ አኳሪየም ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ ይህን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ውኃ በመለወጥ ይወገዳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ሲሆን፣ በሚገባ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ በሽታ አጥባለሁ ብዬ መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ጨረስኳቸው። ክሎሪኑ ዓሦቹንም ጎድቷል።

«እንግዲያው ነገውኑ ጓደኞች ላምጣላት» አልኩ።

«ነገ ካመጣህ እንደገና ሰባት ትቀብራለህ» አሉ። «ስድስት ሳምንት ጠብቅ።»

ባለቤቴ ከበስተኋላዬ «ብቻዋን ስድስት ሳምንት ትችላለች?» ብላ ጠየቀች።

መምህሩ ቶሎ አልመለሱላትም። «እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አሉ በመጨረሻ። «ብርሃኑን ቀንሱላት፤ የምትጠለልበት ተክል ስጧት፤ ውኃዋን ጠብቁላት። ከዚያ በኋላ መቆየት ነው።»

የውኃው ደብተር

ባለቤቴ የሃምሳ ገጽ ደብተር ገዛች። በየማታው ቀኑን፣ የውኃውን ሙቀትና የምርመራውን ውጤት ትጽፍበት ጀመር። መመርመሪያውን እኅቷ ከውጭ ልካላት ነበር። ትንሽ ውኃ ወደ ብልቃጥ ቀድቶ ጠብታ መጨመር ነው። ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ ወደ አረንጓዴ ካደላ አለ ማለት ነው።

በየሁለት ቀኑ አሥራ አምስት ሊትር ያህል ውኃ እንለውጥ ነበር። አዲሱ ውኃ ከአንድ ቀን በፊት ክፍት ባልዲ ውስጥ ያድራል፤ የክሎሪን ማስወገጃ ጠብታም ይጨመርበታል፤ ከዚያም አፍልተን በምንጨምረው ውኃ ሙቀቱን ከአኳሪየሙ ጋር እናስተካክላለን። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከአኳሪየሙ በወጣው ውኃ ብቻ ለቅለቅ ይደረጋል እንጂ ወደ ቧንቧ አይቀርብም። ምግቧ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የምትጨርሰው ብቻ ነው።

ባልዲው ለእርሷ ከባድ ስለነበር ውኃ በሚለወጥበት ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ መግባት ጀመርኩ። አንዳችን ጎማውን ስንይዝ አንዳችን ባልዲውን እንይዛለን። የምናወራው ስለ ውኃው ብቻ ነበር። «ስንት ዲግሪ ነው?» «ሃያ አምስት።» «ዛሬ በላች?» «ትንሽ በላች።» ቢሆንም ማውራት ጀመርን። ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ጎን ለጎን ቆመን አንድ ነገር ሠርተን አናውቅም ነበር።

እያደር የገባኝ አንድ ነገር አለ። በእነዚያ ሳምንታት ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የሚታይ ለውጥ የለም። ውኃው ያው ውኃ ነው። የሚሠራው ሥራ ግን በማይታይ ቦታ፣ በስፖንጁ ውስጥ ይሠራል። እኔ ደግሞ የማይታይ ሥራ የማይወድ ሰው ነበርኩ።

መብራት የጠፋበት ሌሊት

ኅዳር 8 ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የአዲስ አበባን የኅዳር ብርድ ታውቁታላችሁ። ማሞቂያው ቆመ፤ ፊልተሩም ዝም አለ። «ይመጣል» ብለን ጠበቅን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 22 አሳየ። ወደ መምህሩ ደወልን። «አንዲት ዓሣ ስለሆነች አየሩ ይበቃታል፤ የሚያሰጋው ብርዱ ነው» አሉ። «መስተዋቱን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ለብ ያለ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ አንሳፍፉበት። በአንድ ጊዜ እንዳታሞቁት፤ ድንገተኛ ለውጥ ከብርዱ ይብሳል። ስፖንጁንም ከፊልተሩ አውጥታችሁ አኳሪየሙ ውስጥ ተዉት፤ ታፍነው ባክቴሪያዎቹ እንዳይሞቱባችሁ።»

ባለቤቴ የሠርጋችንን ጋቢ ከቁም ሣጥን አውጥታ መስተዋቱን አለበሰችው። እኔ በጋዝ ምድጃ ውኃ አሞቅሁ። ሁለት ጠርሙስ እናንሳፍፋለን፤ ሲቀዘቅዙ እንለውጣለን። እርሷ ወጥ ቤት በገባችበት ጊዜ ሙቀቱን ልመዘግብ ደብተሩን በሻማ ብርሃን ገለጥኩ። ባዶውን ገጽ ስፈልግ ወደ ኋላ ሄድኩ። ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ።

«ጥቅምት 28። 25 ዲግሪ። ናይትራይት ትንሽ አለ። ዛሬ ይወለድ ነበር።»

ጥቅምት 28 ቀን የት እንደነበርኩ ለማስታወስ አልተቸገርኩም። ቢሮ ነበርኩ፤ የወር ሂሳብ እንዘጋ ነበር። ሐኪሙ የነገረንን ያን ቀን በስልኬ ላይ የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። በሰኔ ያጠፋሁትም እኔው ነበርኩ። ያን ዕለት ማታ ገብቼ «ዛሬ በላች?» ብዬ ስለ ዓሣዋ ጠይቄያት ነበር።

ጠርሙሱን ይዛ ስትመጣ ደብተሩ እጄ ላይ እንደ ተገለጠ ነበር። አየችኝ። ጠርሙሱን ቀስ አድርጋ አንሳፈፈችና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ረስተኸው ነበር?» አለች።

«ሸሽቼው ነበር» አልኩ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። ከሰኔ ጀምሮ የያዝኩት እንባ በዚያች ሌሊት ወጣ። እርሷ ሳትሆን እኔ ነበርኩ አስቀድሜ ያለቀስኩት።

ብዙ ጠብቃ «እኔ የተጎዳሁት ልጁን በማጣቴ ብቻ አይደለም» አለች። «ያጣሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነው። አንተ ምንም ያላጣህ መሰልክ። ሥራህን ትሄዳለህ፤ ትበላለህ፤ ትተኛለህ። ሌሊት ነቅቼ ትንፋሽህን ስሰማ፣ በዚህ ቤት ውስጥ የሞተው ልጅ የእኔ ብቻ ነው እል ነበር።»

ስም አውጥታለት እንደነበርም ነገረችኝ። ስሙን በጆሮዬ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእኛ ነው።

ጠርሙስ እየለወጥን እስከ ንጋት አወራን። ቴርሞሜትሩ ከ21 በታች አልወረደም። መብራት የመጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ጋቢውን ገለጥ አድርገን በእጅ ባትሪ ስናይ ትንሿ ዓሣ ከተክሉ ሥር ቆማ ክንፏን ታንቀሳቅስ ነበር። የገረጣች ናት፤ ግን አለች።

ስድስት፣ ከዚያም አምስት

በዚያው ሳምንት ለባለቤቴ እኅትና ለሁለት የቅርብ ጓደኞቿ እኔው ደወልኩ። «የልጃችን መወለጃ ቀን አልፎ ነበር። ለቅሶ አልተቀመጥንም። ብትመጡልን» አልኳቸው። መጡ። ቡና ተፈላ። ማንም «ይተካል» አላለም። ከመካከላቸው አንዷ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እርሷም እንዲሁ እንዳጣችና ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችን። ጓደኛሞች ሆነው በየሳምንቱ ሲገናኙ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ባለቤቴ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ራት እስኪደርስ አብራቸው ቁጭ አለች።

በኅዳር መጨረሻ በምርመራው አሞኒያም ናይትራይትም ለተከታታይ ቀናት ጠፋ፤ ናይትሬት ብቻ ታየ። ውኃው ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ሱቁ የሄድነው ሁለታችን ነን። መምህሩ እንዳሉን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ተመለከትን። የሞተ ዓሣ ካለበት ገንዳ አልገዛንም፤ ነጠብጣብ ያለበትን፣ ወይም ከመንጋው ተለይቶ የሚዋኘውን አልመረጥንም። በአንድ ጊዜ ውኃውን እንዳናጨናንቀው ስድስት ብቻ ወሰድን። ከረጢቱን ሃያ ደቂቃ አንሳፍፈን፣ የአኳሪየሙን ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመርን አለማመድናቸውና ለቀቅናቸው።

አዲሶቹ ደንግጠው አንድ ጥግ ላይ ተከማቹ። የእኛዋ ከፊልተሩ ጀርባ አልወጣችም። አንድ ሰዓት አለፈ። እኔ እንደ ልማዴ «ምን እናድርግላት?» አልኩ። ባለቤቴ «ምንም። ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። በኋላ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች፤ ተመለሰች፤ ደግሞ ብቅ አለች። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ መስተዋቱን ተሻግራ ከመካከላቸው ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት መብራቱን ሳበራ ሰባቱም አመድ መስለው ስላየኋቸው «አለቁ!» ብዬ ጮኽኩ። ለካስ ኒዮኖች ሌሊት ሲያርፉ ሁልጊዜም ቀለማቸው ይደበዝዛል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሰማያዊው መስመር አንድ በአንድ በራ። ባለቤቴ ሳቀች። ድምፅዋ ከግቢው በር ይሰማ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምስት ጨመርንና 12 ሞሉ።

ለባለትዳሮች አንድ ቃል

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ኒዮን ለማሳደግ ብትነሡ ደስ ይለኛል። ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት፣ ለስላሳና ጥቂት ወደ አሲድ የሚያደላ ውኃ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ በየሳምንቱ ሩብ ያህል ውኃ መለወጥ፣ ቁጥራቸውን ከስድስት አለማሳነስ ነው። ኤንጅልፊሽ የሚባለውን ዓሣ አብራችሁ አታስገቡ፤ ሲያድግ ይበላቸዋል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ጋቢና ጠርሙስ አዘጋጁ። ዓሦቹ በሚበዙበት ጊዜ አየርም ስለሚያንሳቸው በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ። ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ያነሰ መሆኑንም አትርሱ። ከሁሉ በፊት ግን ውኃው ሳይዘጋጅ ዓሣ አታስገቡ።

ወንድሞቼ፣ በተለይ ለእናንተ ደግሞ ይህን እላለሁ። ሚስትህ ፅንስ ካጣች ስጦታ ይዘህ አትሩጥ። አጠገቧ ተቀመጥ። «ይተካል» አትበላት፤ የሄደውን አስታውስላት። ሐኪሙ የነገራችሁን ቀን ከስልክህ ላይ አታጥፋው፤ ያ ቀን ሲደርስ ከሥራ ቅር። አንተም ያጣህ መሆንህን ትይ። ጎረቤቶችም ብትሆኑ፣ ድንኳን ስላልተተከለ ለቅሶ የለም ብላችሁ አትለፉ። በሁለተኛው ሳምንት፣ በሁለተኛውም ወር በሩን አንኳኩ።

«ከዚያ በኋላ ልጅ ወለዳችሁ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስካሁን አልወለድንም። ጥቅምት 28 ቀን በመጣ ቁጥር ግን ሁለታችንም ቤት እንውላለን፤ ቡና እናፈላለን፤ ስሙንም እንጠራለን።

አንዳንድ ማታ መብራቱን ከማጥፋታችን በፊት ከአኳሪየሙ ፊት ቁጭ እንላለን። ባለቤቴ «የመጀመሪያዋ የትኛዋ ናት?» ትለኛለች። እኔ አንዷን አሳያታለሁ፤ እርሷ ሌላዋን ታሳየኛለች። አንተ ተሳስተሃል፣ አንቺ ተሳስተሻል እንባባላለን። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም አናውቅም። አሥራ ሁለቱም እኩል ያበራሉ።